የዋድ መዳኒ የውኃ ጋኖች

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። እዚህ ካናዳ፣ ማርልቦሮ ሰፈር በሚገኘው የደብራችን አዳራሽ፣ የስደተኞች ስፖንሰር ኮሚቴ አምስት አባላት በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ሰዓቱን የምጠቅሰው በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ ሰፈረ ነው። ከዚያ ሰዓት በኋላ የተባለው ግን አልሰፈረም፤ ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ።

በአዳራሹ ጥግ ለጽዋ ማኅበር ከአገር ቤት በጭነት የመጣ አዲስ ጋን ቆሟል። እናቴ ወይዘሮ ብርነሽና ሌላ አንዲት እናት በባልዲ ውኃ እየሞሉ ያሟሹታል። ደረቅ ሸክላ የመጀመሪያውን ውኃ ሲመጥ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ዝናብ የነካው አቧራ ይመስላል፣ ግን ከዚያ ይቀዘቅዛል። አርባ ዓመት አላሸተትሁትም ነበር። በእጄ የያዝሁት ማመልከቻ ይህ ሽታ የማይለያት የአንዲት ሴት ነው። ስሟ ኢኽላስ ይባላል። በሱዳን፣ በጥቁር አባይ ዳር የምትገኘው የዋድ መዳኒ ከተማ ተወላጅ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ መምህርት ናት። በልጅነቴ አንድ ክረምት በእናቷ ግቢ ኖሬአለሁ።

ለዘንድሮ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶናል። ሌላው አመልካች ናይሮቢ ያለ የአንድ ዲያቆን ቤተሰብ ነው።

«ጽጌ፣ እኅቴ፣ ሴትዮዋ ክርስቲያን አይደለችም» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«በደንባችን ላይ ‹ክርስቲያን› የሚል ቃል የለም፣ ጋሼ። አንቀጽ ሦስት ‹የተቸገረ› ነው የሚለው።»

«አንቺ ስላረቀቅሽው ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሌሎቹም ሳቁ።

ጸሐፊያችን ሜሮን ከላፕቶፗ ቀና አለች። «ጋይስ፣ ዴድላይኑ ነገ ነው። ፎርሙን ሰብሚት ካላደረግን ቦታው ይቃጠላል። ፕሊስ።»

በዚህ መካከል እናቴ ባልዲውን አስቀምጣ፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ስለ መዳኒ አረቦች የምታወሩ ከሆነ እኔን ጠይቁኝ» አለች። «የልጄን ማተብ ካንገቷ ላይ በመቀስ የቆረጡ ናቸው። የቆረጠችባትም ይህቺው ኢኽላስ የምትሏት ናት። በገዛ አፏ ‹እኔ ነኝ› ብላለች። ስምንት ዓመቷ ነበር ልጄ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የመኖሪያ ቤቴን ዕዳ የምከፍል፣ የውኃ ናሙና መርምሬ «ይህ ይጠጣል፣ ይህ አይጠጣም» ብዬ የምፈርም ሴት ነኝ። ማመልከቻውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ጋሽ ታደሰ «በቃ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሥራ ሳንገባ፣ ራንድል ሰፈር እኔ ቤት ተገናኝተን እንወስናለን» አሉና ስብሰባው ተበተነ።

ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። የምናደደው በማን ላይ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ከዚያ ክረምት መጀመር ይኖርብኛል።

ክረምቱ የ1977 ነው። አባቴን ከጎንደር ቤታችን የቀበሌ ሰዎች ለጥያቄ ብለው ወስደውት አልተመለሰም። እናቴ እኔን ይዛ በመተማ በኩል በእግር ወጣች፤ ከገዳሪፍ በጭነት መኪና ዋድ መዳኒ ደረስን፤ እዚያ የልብስ ማጠብ ሥራ አይጠፋም ተብሎ ነበር። ከመኪናው የወረድነው በቀትር ነው። ከአንድ የጭቃ ቤት አጥር ውጭ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሦስት ትላልቅ የሸክላ ጋኖች በብረት እግር ላይ ቆመዋል። ሆዳቸው ላብ እንዳላበው ሰው ይንጠባጠባል። ክዳናቸው እንጨት ነው፤ የቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ታስሯል።

«የሰው ውኃ ነው፣ አትንኪ» አለች እናቴ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር።

በሩ ተከፈተ። እስከ ራሷ በሰማያዊ ቶብ የተጠቀለለች፣ ጉንጯ ላይ ሦስት የልጅነት ብጣት ያለባት ሴት ወጣች። ምንም አልጠየቀችንም። ኩባያውን አንሥታ አለቀለቀች፤ ሞላች፤ በመጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለእናቴ ሰጠች። በማግሥቱ ከአጥሩ በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጠችን። በቱል ትባላለች፤ እኔ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኻልቲ» እላት ነበር፣ አክስቴ ማለት ነው።

ጋኖቹ ለሟች የቆሙ መሆናቸውን የነገረችኝ ልጇ ኢኽላስ ናት። የኻልቲ በቱልን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ወንዙ ወስዶታል። በዚያ አገር እንዲህ ሲሆን የቻለ ሰው ለሟቹ ነፍስ ውኃ በመንገድ ዳር ያቆማል፤ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ይጠጣል። እኔ ነገሩን በሌላ መንገድ ተረዳሁት። ልጁ ጋኑ ውስጥ የሚኖር መሰለኝ። ክዳኑን ስከፍት «ደኅና አደርክ?» እለው ነበር፣ በአማርኛ። ድምፄ ከሆዱ ተመልሶ ሲመጣ መልስ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር።

ጋኖቹን መሙላት የእኔና የኢኽላስ ሥራ ሆነ። ጎሕ ሲቀድ በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ይመጣል፤ እኛ በጣሳ እየተቀባበልን እንሞላለን። ዓርብ ዓርብ ውስጡን በዘንባባ ክር እየፈተግን አረንጓዴውን ዝቃጭ እናወጣለን። ኢኽላስ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። አረብኛም የለቀምሁት ከእርሷ አፍ ነው።

«ያ ሐበሺያ! ክንድሽ የፍየል እግር መስሏል። ጋኑ ውስጥ እንዳትወድቂና ውኃውን እንዳታስደፊን!»

«አንቺ ውደቂ! ጥርስሽን እዚያ ታገኚው ይሆናል።»

«ሂጂና ለእናትሽ ንገሪ!»

«አንቺ ለእናትሽ ንገሪ!»

ከውስጥ የኻልቲ በቱል ድምፅ ይመጣል፦ «ያ ባናት! እናንተ ልጆች! የተጠማ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ጭቅጭቃችሁን ውኃው ውስጥ አትጨምሩት።» አንድ ቀን አንድ ተንከራታች ሰውዬ ሲጠጣ አይቼ ከየት እንደ መጣ ልጠይቀው ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ውኃ የሚጠጣን ሰው ስሙን አይጠይቁትም» አለችኝ። ለምን እንደ ሆነ አላብራራችም። እኔም ጠያቂዋን ውኃ ያቃጥላት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ እንወርድ ነበር። እናቴ «ይህ አባይ ነው፣ የእኛ ነው፣ ከእኛ አገር ነው የሚወርደው» ብላኝ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ደለል ያለበትን ቡናማ ውኃ እያየሁ አባቴ አንድ ነገር እንዲልክ እጠብቃለሁ። ግንድ ይመጣል። የሞተ በግ ይመጣል። አንድ ቀን የላስቲክ ጫማ መጣ፤ የእርሱ መጠን ነበር። ኢኽላስ እስከ ጉልበቷ ገብታ አወጣችልኝና «የአባትሽ ነው?» አለች። አልነበረም። ግን «አዎ» አልኋት፤ እርሷም አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በራሷ ፍራሽ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ሥጋን በተመለከተ የእናቴ ሕግ አንድ ነበር። «የእነርሱን እርድ ከበላሽ ሰልመሻል። አለቀ፣ ደቀቀ።» ኻልቲ በቱል ይህን ታውቃለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም በፍልሰታ ጾማችን እርሷ ወጥ ስታቁላላ የእኛን ክፍል በር መጥታ ትዘጋልን ነበር፤ ልጅ ነች፣ ሽታው ያስቸግራታል ብላ። እናቴ ጾሙን የፈታችው በሁለት እንቁላል ነው። በአራተኛው ቀን ዒድ አል-አድሐ ሆነ።

በጉ ከዛፉ ሥር ታረደ። ጉበቱን በጥሬው ከትፈው፣ ሎሚና የተፈጨ በርበሬ ነስንሰው በሰሐን አቀረቡት። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ሄዳ ነበር። ኢኽላስ አንድ ቁራጭ በጣቷ ይዛ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ልትፈትነኝ አልነበረም፤ ያላት ሁሉ ለእኔም ነው ብላ ስለምታምን ነው። በላሁ። ሦስት ጊዜ ጎረስሁ። እስከ ዛሬ ከዚያ የሚጣፍጥ አልበላሁም፤ ይህንንም ለመጻፍ አርባ ዓመት ወስዶብኛል።

ከዚያ መስለሜን ጠበቅሁ። የመስጊዱ ጥሪ በአንድ ጊዜ ይገባኛል ብዬ ነበር፤ እስከዚያ ያልገቡኝ ቃላት ሁሉ እንደ በር የሚከፈቱ መስሎኝ። አልተከፈቱም። መስታወት አየሁ። ያው ጽጌ ነበርሁ፤ አንገቴ ላይ ጥቁሩ የክርስትናዬ ክር ታስሯል። ያን ጊዜም ነገሮችን በሥርዓት የማስቀምጥ ልጅ ነበርሁ። ክርስቲያን ካልሆንሁ ክሩን ማሰሬ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ኀጢአት ነው። የኻልቲ በቱልን የልብስ ስፌት መቀስ ወሰድሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ኢኽላስ።

«ልቆርጠው።»

«እናትሽ ትገድልሻለች!»

ቆረጥሁት። ከመካከለኛው ጋን ሥር፣ ጠብታው ሁልጊዜ በሚያረጥበው አፈር ውስጥ ቀበርሁት። ኢኽላስ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አፈሩን በእጇ መዳፍ አስተካከለችው፤ ከዚያ አየችኝና «ምንም አልተለወጥሽም፣ ወላሂ» አለችኝ።

እናቴ ማምሻውን ስትመጣ በመጀመሪያ ያየችው አንገቴን ነው። የጮኸችውን ጩኸት አባቴን ሲወስዱት እንኳ አልጮኸችውም። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ማነው? ማነው የቆረጠብሽ?» እያለች ትከሻዬን ነቀነቀች። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣም። ዓይኔ ግን ወደ ኢኽላስ ሄደ። ምን ብዬ እንዳየኋት አስታውሳለሁ፦ እባክሽ ብዬ ነው ያየኋት።

«አና» አለች ኢኽላስ። እኔ ነኝ አለች።

ኻልቲ በቱል ልጇን በሰው ፊት በጥፊ መታቻት፤ ከዚያ በፊት ስትመታት አይቼ አላውቅም። ኢኽላስ አላለቀሰችም። በማግሥቱ ጠዋት ኻልቲ በቱል ከገበያ ጥቁር ክር ገዝታ፣ በመዳፏ ላይ ዘርግታ፣ በራችን ላይ ቆመች። «እሰሪላት» አለች። «አንቺ እሰሪላት። በእኔ ቤት የእናንተን ነገር የሚነካ የለም።» እናቴ ክሩን ከመዳፏ ላይ ጠርጋ ጣለችው። በዚያው ቀን ወጣን።

ካርቱም ውስጥ፣ ሠላሳ ሰው ከሚያድርበት አዳራሽ ተነሥተን የስደተኛ ማመልከቻ የምትቀበል አንዲት ነጭ ሴት ፊት ተቀመጥን፤ አጠገቧ አስተርጓሚ አለ። እናቴ ታሪኩን ተናገረች፤ ቤቱን፣ መቀሱን፣ ልጅቷን። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። በአስተርጓሚው አማካይነት «ማን ነው የቆረጠው?» አለችኝ። የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ኢኽላስ» አልሁ።

ጻፈችው። ስሙ ሲጻፍ አየሁ። ካናዳ የገባነው በዚያ ወረቀት ነው።

ኢኽላስ ከስምንት ዓመት በፊት በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችኝ። ስለ ማተቡ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ቃል «ጥርሴ በቅሏል» የሚል ነበር።

በታኅሣሥ 2016 ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጉት ታጣቂዎች ዋድ መዳኒ ሲገቡ፣ ከተማዋን እንዲጠብቅ የቆመው ጦር ለቆ መውጣቱን የነገረችኝ በድምፅ መልእክት ነው። ከካርቱም ሸሽተው በየትምህርት ቤቱ የሰፈሩት ሁሉ ዳግመኛ ሸሹ፤ ድልድዩ በእግረኛ ተጨናነቀ፤ ፍራሽ፣ ወርቅ፣ የበር መዝጊያ ሳይቀር ተዘርፎ ተጫነ። ኻልቲ በቱል «ጋኖቹን ማን ይሞላል?» ብላ አልወጣም አለች። የስኳር በሽታ ነበረባት፤ መድኃኒት ቤቶቹ ተዘርፈው ባዶ ቀሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞተች። ወደ መቃብር የሚወስደው መንገድ ስለ ተዘጋ ጎረቤቶች ግቢዋ አጥር ሥር፣ ጋኖቹ በቆሙበት ቀበሯት። ጋኖቹን ታጣቂዎቹ በጥይት ሰብረዋቸው ነበር፤ ለጨዋታ። በጥር 2017 ጦሩ ተመልሶ ከተማዋን ሲይዝ እዚህ ያሉ ሰዎች «እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። በምኑ? ከዚያም በኋላ «ከታጣቂዎቹ ጋር ተባብራችኋል» እየተባለ በየሰፈሩ ሰው ተገደለ።

ኢኽላስ ያን ጊዜ ከልጆቿ ጋር ድንበር ተሻግራ ነበር። በየት በኩል? በመተማ። እኛ የሸሸንበትን መንገድ ገልብጣ፣ ወደ እኛ አገር። በሰፈሩበት ጫካ ውስጥ ሽፍቶች መጥተው የቀራቸውን ወሰዱባቸው። «አንቺ ያስተማርሽኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ትዝ አለኝ» አለች በመልእክቷ። «‹እባክህ ውኃ ስጠኝ› አልኋቸው፣ በአማርኛ። ሣቁ።»

ይህን መልእክት ከሥራ ስመለስ በባቡር ውስጥ፣ ሳድልታውን ጣቢያ ልንደርስ ስንል ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ የምናደድበት አጥቼ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው የኖርሁት።

እሑድ ማምሻውን፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ እናቴ ሽንኩርት ትልጣለች። ተነሥቼ ከፊቷ ቆምሁ።

«እማዬ፣ ማተቤን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።»

ቢላዋው አልቆመም።

«የዒዱን ሥጋ በልቼ ነበር። ሰልሜያለሁ ብዬ ቆረጥሁት። ኢኽላስ አልነካችኝም።»

«ምኑን በላሽ?»

«ጉበቱን። ጥሬውን።»

«ጥሬውን!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለአፍታ የምትሥቅ መሰለኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ያቺ ልጅ ‹እኔ ነኝ› ስትል የምታየው አንቺን ነበር» አለች። «እናት ነኝ። አይቻለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«በማግሥቱ፣ ክሩን ይዛ ስትመጣ፣ ርግጠኛ ሆንሁ።»

«ታዲያ ለምን? ካርቱም ለምን? ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለምን?»

«ባልሽ ጠፋ፣ ርቦሽ መጣሽ ብሎ የሚወስድ አልነበረም፣ ጽጌ። የራበው ብዙ ነበር። ‹ሃይማኖቴን ነኩብኝ› ያለ ነው የሚሰማ።» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ዛሬማ… ዛሬማ አርባ ዓመት የተናገርሁትን አፌ ለምዶት ነው። እውነት ሆኖብኛል።» ቀጥላም ዝቅ ብላ ጠየቀች፦ «ብትናገሪ ወረቀታችንን ይነጥቁን ይሆን?»

«ማንም አይነጥቅሽም። ዜጋ ነሽ።»

«እንዲያ ከሆነ አንቺስ እስከ ዛሬ ምን ዘጋሽ?»

እናቴ ላይ ልጮኽ የከፈትሁት አፍ እንደ ያኔው ድምፅ አጣ። በቅደም ተከተሌ የመጀመሪያው ስም የማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ንዴቴን ግን አላበረደውም።

ሰኞ ጥቅምት 17፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍሌ ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ካፖርቷን ደርባ በሩ አጠገብ ቆማለች። «መኪናውን አሙቂ፤ በረዶ ጥሏል» አለችኝ።

በጋሽ ታደሰ ሳሎን ሁሉንም ተናገርሁ፤ ጉበቱን፣ መቀሱን፣ ካርቱምን። ስጨርስ ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ በቃለ ጉባኤው ላይ ‹በልጅነት ዘመን በተፈጠረ አለመግባባት› ብለን እንለፈው። የእናትሽም ክብር አለ።»

«አለመግባባት አልነበረም፣ ጋሼ። ሁላችንም በደንብ ተግባብተን ነበር። የሆነው እንደ ሆነው ይጻፍ።»

«ኧረ ተይ፣ ጽጌ፣ ይህ እኮ ፋይል ውስጥ የሚቀር ነገር ነው!»

«የኢኽላስም ስም ፋይል ውስጥ ቀርቷል።»

ድምፅ ተሰጠ፦ ሦስት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ፣ ጋሽ ታደሰ ድምፀ ተዓቅቦ። የዲያቆኑ ቤተሰብ ለሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያ ተራ እንዲያዝ እኔው ሐሳብ አቀረብሁ። ሜሮን እየተየበች ሳለ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ከኋላዋ ቆመች።

«የእኔንም ጻፊ፣ ልጄ።»

«ምን ልበል፣ እትዬ ብርነሽ?»

እናቴ ነገረቻት። ሜሮን አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ጻፈች። የተወሰነውና የሰፈረው እንዲህ ነው፦

«ቀሪው ቦታ ለኢኽላስና ለሦስት ልጆቿ እንዲሆን ተወስኗል፤ ማመልከቻው በዛሬው ዕለት ይላካል። ማተቡን የቆረጠችው የኮሚቴው አባል ጽጌ ናት። እናቷ ወይዘሮ ብርነሽ ያውቁ ነበር።»